ከወሎ ለኮንሰርት የምንጓዝ አድማጮች ለአዘጋጆች፣ ለባንድ ማናጀሮችና ለአዳራሽ ኃላፊዎች የጻፍነው ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የኮንሰርት አዘጋጆችና የባንድ ማናጀሮች፣

ለተከበራችሁ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ አዳራሾችንና ስታዲየሞችን የምታስተዳድሩ ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው አድማጭ ትኩረት እንድትሰጡ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ እየተጠራራን ላይቭ ሙዚቃ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ የምንጓዝ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የሮክ ወዳጆች ነን። መምህር አለን፣ ነርስ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ጋራዥ የሚሠራ አለ፣ ሱቅ ያለው አለ። ብር አዋጥተን ሚኒባስ እንከራያለን። ተረኛ የሆነው ፈረቃ ይቀያየራል። ወጣቶቹ ቤተሰብ ያስፈቅዳሉ። ከዚያ የምንወደውን ባንድ ለአንድ ምሽት አይተን እንመለሳለን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በቅርቡ የተወሰነብን ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜ ማታ ሊካሄድ የነበረ ኮንሰርት እዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተላለፈ። ማስታወቂያው በቴሌግራም የወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነው። "ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት" ከማለት በቀር ምንም ማብራሪያ የለውም። የወልዲያ ልጆች ከሐሙስ ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ። የደሴዎቹ አርብ ማታ ገብተን አልጋ ይዘናል። ስንደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ በትህትና "ቲኬታችሁ ለሚቀጥለው ይሠራል" አለን። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም። በኋላ ቀኑ ሲነገር እሁድ ማታ ሆኖ አረፈው። ሰኞ ጠዋት ደሴ ሥራ የሚገባ ሰው እሁድ ማታ አዲስ አበባ ኮንሰርት ላይ እንዴት ሊገኝ ይችላል? ገንዘባችን ይመለስልን ብለን ጠየቅን። እስከዛሬ መልስ አላገኘንም።

የአዘጋጁን ስም አንጠራም። አንድን ድርጅት ለማሳጣት አልተነሳንም። የአንድ ሰው ስህተት ቢሆን ኖሮ ተነጋግረን እንጨርሰው ነበር። ያስከፋን አሠራሩ ነው። ኮንሰርት ሲታቀድ ከከተማው ውጭ የሚመጣ አድማጭ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው የለም። ቲኬቱን ግን እኛም የገዛነው በእኩል ዋጋ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት እንንገራችሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርገን፣ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥተን፣ በደብረ ብርሃን በኩል እንገባለን። እኛ ሌሊት አንጓዝም። ስለዚህ የአንድ ምሽት ኮንሰርት ሙሉ አርብን ለመሄጃ፣ ሙሉ እሁድን ለመመለሻ ይወስዳል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ዋጋው ግን የተማሪ አይደለም። በነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገዱ በፀጥታ ምክንያት የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። እሱ በእናንተ እጅ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም። የምንለው፣ እንዲህ ባለ ጊዜ መንገድ ተከፍቶ፣ ፈቃድ ተገኝቶ፣ ብር ተጠራቅሞ የመጣ ሰው ከበር ሲመለስ ጉዳቱ ከቲኬቱ ዋጋ በላይ ነው። ከሰፈር ታክሲ ይዞ የመጣ ሰው ታክሲ ይዞ ይመለሳል። እኛስ?

ሁለተኛው ቅሬታችን ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ "ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ" ይላል። በ10 ሰዓት ሄደን ስንሰለፍ በሩ አልተከፈተም። ሲከፈት ደግሞ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ገና አላለቀም። ከዚያ ዲጄ ይመጣል፣ ከዚያ የስፖንሰር ማስታወቂያ፣ ከዚያ ሌላ ዲጄ። ዋናው ባንድ መድረክ ላይ የሚወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም ነው። ከኮምቦልቻ የመጣች ነርስ እህታችን ለአንድ ባንድ ብላ ፈረቃዋን ሸጣ መጥታ ነበር። ያረፈችበት ዘመድ ቤት ከ5 ሰዓት በኋላ በር አይከፍትም። ባንዱ ሳይወጣ ተነስታ ሄደች። ከግቢው ውጭ ታክሲ ስትጠብቅ የመጀመሪያውን ዘፈን በአጥሩ በኩል ሰማችው። ይህን ስትነግረን ድምጿ ይሰበር ነበር። ሴቶች ልጆች ደግሞ በዚያ ሰዓት በማያውቁት ከተማ ታክሲ ፍለጋ መቆማቸው ራሱን የቻለ ሥጋት ነው። ጠዋት የሚመለሱት ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት አለባቸው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

የመዘግየቱን ምክንያት እኛም እናውቀዋለን። እናንተ "ሰው አልሞላም" ብላችሁ ታዘገያላችሁ። ሰዉ ደግሞ "መቼም ማዘግየታቸው አይቀርም" ብሎ አርፍዶ ይመጣል። ይህን ማቋረጥ የሚችለው አዘጋጁ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በሰዓቱ የተጀመረ ኮንሰርት ያመለጠው ሰው ሁለተኛ አያረፍድም።

ቲኬት ላይ ብዙ አንልም። የሚሸጠው አዲስ አበባ ባሉ ካፌዎችና ሱቆች ብቻ ከሆነ እኛ የቅድሚያውን ዋጋ አናገኝም፤ በር ላይ ጨምረን ነው የምንገባው። ዛሬ ሁሉም ነገር በቴሌብር በሚከፈልበት አገር ይህ ምክንያት የለውም።

በጣም የሚያመን ግን ሌላ ነው። ላይቭ ተብሎ ተሽጦ ላይቭ ያልሆነ ኮንሰርት አይተናል። ጊታሪስቱ ጊታሩን አንጠልጥሏል፣ ገመዱ ግን የትም አልተሰካም። ድራመሩ ይመታል፣ የሚሰማው ድምፅ ከእጁ ጋር አይገጥምም። ድምፃዊው ማይኩን ከአፉ ሲያርቅ ዘፈኑ ይቀጥላል። ይህ በሌላ የሙዚቃ ዓይነትም ደስ አይልም። ሮክ ላይ ግን ምንም አይቀርም። ሮክ ማለት እኮ እነዚያ አራት አምስት ሰዎች እዚያው እፊታችን የሚሠሩት ነገር ነው። ቤዙና የድራሙ እግር አብረው ሲመቱ ደረት ላይ ይሰማል። ጊታሪስቱ አልበሙ ላይ የሌለ ነገር ይጫወታል፣ ድራመሩ በዓይኑ ይከተለዋል፣ ሦስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን አሥር ደቂቃ ይሆናል። ስሙን የማታውቀው ሰው ትከሻህን ይዞ ያንኑ ግጥም ከአንተ ጋር ይጮኸዋል። ዘፈኑን አልጋ ላይ ተኝተን በኢርፎን ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። 400 ኪሎ ሜትር የምንሄደው ኢርፎን ውስጥ የሌለውን ፍለጋ ነው። የፊት ለፊቱን ቦታ በሙሉ ለቪአይፒ ጠረጴዛ ሰጥታችሁ እኛን ከኋላ አጥር ስታቆሙን የምናጣውም ይኸው ነገር ነው። ቆሞ የሚዘለውን ሰው ከመድረኩ ስታርቁት ባንዱም እንደሚቀዘቅዝ ሙዚቀኞቹን ጠይቃችሁ ተረዱ።

ስለ ቀን ምርጫም አንድ ነገር አለ። ሁዳዴ ላይ ኮንሰርት እንደማይዘጋጅ የታወቀ ነው፣ ደግ ነው። ረመዳን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የእኛ ሚኒባስ ውስጥ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ወሎ እንዲህ ነው። የእነ ሙሐመድ ጾም ሲሆን እነ ገብሬ ብቻቸውን አይሄዱም። ሁላችንም እንቀራለን።

ይህ ሁሉ የጉዞው ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለን። ሁልጊዜ የምንሄደው እኛ የሆንነው ለምንድን ነው? ባንዶችስ ወደ ወሎ የማይመጡት ለምንድን ነው?

አዘጋጆች ስንጠይቃችሁ "እዚያ ገበያ የለም" ትሉናላችሁ። በጥር 2010 ቴዲ አፍሮ ባህር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን ከአዲስ አበባ ውጭ ሕዝብ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። እሱማ ቴዲ ነው፣ የሮክ ባንድ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። እኛም ስታዲየም ይሞላል አላልንም። ግን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፣ ወልዲያም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከመላ አገሪቱ የመጣ ወጣት እዚህ ዓመታት ይኖራል። ቅዳሜ ማታ የሚሄድበት የለውም። አንድ አዳራሽ መሙላት ያቅተናል ብላችሁ አታስቡ። ስታዲየምም ከተፈለገ፣ ወልዲያ ላይ በ2009 የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የተሠራው ስታዲየም አለ።

የአዳራሽ ኃላፊዎች፣ እዚህ ላይ ለእናንተም የምንለው አለን። እዚሁ ያደጉ ልጆች ባንድ አላቸው። ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። የሚለማመዱት የአንዱ አባት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አዳራሽ ለመከራየት ማመልከቻ ጻፉ፣ ቀብድ ከፈሉ፣ ፖስተር አሳተሙ፣ ሳውንድ ሲስተም ከሌላ ከተማ ተከራዩ። ኮንሰርቱ ሁለት ቀን ሲቀረው "አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጓል" ተባሉ። ቀብዱ ተመለሰላቸው። የሳውንዱና የፖስተሩ ብር ግን ቀረ። ከሁሉ በላይ ያ ድራመር ልጅ ከዚያ ወዲህ ልምምድ አይመጣም። ስብሰባው ሌላ ቀን ወይም ሌላ ክፍል ሊደረግ ይችል እንደነበር ስብሰባው ላይ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ነግረውናል።

ምክንያቱን ለመረዳት ስንሄድ ደግሞ አንድ ኃላፊ "ሮክ የእኛ ባህል አይደለም፣ ጩኸት ነው" አሉን። አክብረን ሰምተናቸዋል። ክቡር ኃላፊ፣ አክብረን እንመልስልዎታለን።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ለእርስዎ አንነግርም። ነገር ግን ጊታር የያዘ ልጅ ይህን ያሳይዎት፦ ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት አምስቱ ድምፆች፣ የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት ከሁሉ አብዝቶ የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። በፈረንጆቹ የድምፅ ስም፣ ከሲ (C) ከተነሱ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ልዩነት የላቸውም። የአጨዋወቱ ስልት፣ ማሽሞንሞኑ፣ የሚያርፉበት ቦታ ይለያል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። ጃኖ የተባለው የሮክ ባንድ የአገራችንን ቅኝት በከባድ ጊታር ሲጫወት ሰዉ ቶሎ የተቀበለው፣ ጆሮው ድሮም ስለሚያውቀው ይመስለናል። የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል አብሯቸው የሠራው ይህ ድምፅ ስላስገረመው ነው ብለን እናምናለን። ማሪቱ ለገሰን ያፈራ ሕዝብ ኤሌክትሪክ ጊታር ሰምቶ ባህሉ አይጠፋበትም። የእኛ ልጆች አምባሰልን በዲስቶርሽን፣ በሻካራው የጊታር ድምፅ፣ ሲጫወቱት መጥተው ቢሰሙ ሐሳብዎን እንደሚለውጡ እርግጠኞች ነን።

ወሎና ሮክ የሚተዋወቁበት ሌላም ታሪክ አለ፤ ስንጽፈው ልባችን ይከብዳል። በ1977 ረሃብ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የተቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ። ኩዊን፣ ዩቱ፣ ዴቪድ ቦዊ ተጫወቱ። ኩዊን ዌምብሌይ ላይ ያሳየው የ20 ደቂቃ ያህል ሥራ እስከዛሬ ከታላላቅ የሮክ መድረኮች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። እኛም ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አይተነዋል። በሮክ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ኮንሰርት የተዘጋጀው በእኛ ወላጆች ረሃብ ምክንያት ነው። ለረዱን ምስጋናችን የጸና ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። ስማችን ከሮክ ጋር የሚነሳው አሁንም በረሃብ ብቻ ነው። የዚያ ዘመን ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸው ጊታር ይዘው ቆመዋል። እነሱም መድረክ ፊት ቆመው መዝለል የሚችሉ ሰዎች ሆነው መታየት ይፈልጋሉ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ምን እንዳደረጋቸው ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ የከተማችን ወጣት ብዙ ሆኖ የሚሰበሰበው ባብዛኛው ለለቅሶ ነው። ለደስታ የሚሰበሰብበት አንድ ምሽት መጠየቅ ቅንጦት አይመስለንም።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ኮንሰርት ማስተላለፍ ግድ ከሆነ ቢያንስ ረቡዕ አሳውቁን፤ አርብ ከቤታችን ሳንወጣ። ድንገተኛ ነገር ይኖራል፤ ያኔም ምክንያቱን በግልጽ ንገሩን። በአዲሱ ቀን መምጣት ለማይችል ሰው ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከፈለበት መንገድ ይመለስለት። ይህም ቲኬቱ ላይ ይጻፍ። ባለፈው ለተላለፈው ኮንሰርት የከፈልነውም በዚሁ መሠረት እንዲመለስልን እንጠይቃለን።

ዋናው ባንድ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ፖስተሩ ላይ ለይታችሁ ጻፉ፣ በጻፋችሁትም ሰዓት አውጡት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆን ለሁላችንም ይበቃል። በሲዲ የሚዘፈን ከሆነ ላይቭ ብላችሁ አትሽጡልን። ከመድረኩ ፊት የተወሰነ ቦታ ቆሞ ለሚያይ ሰው ተዉ። ቀን ስትመርጡ ሁዳዴንም ረመዳንንም እዩ።

የባንድ ማናጀሮች፣ ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ጉዞ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴና ወልዲያ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ሳውንድ ሲስተሙን የጫነ አንድ አይሱዙ በአንድ ኪራይ አራቱንም ከተማ ማዳረስ ይችላል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ወቅት፣ ከመስቀል በኋላ ወይም ከጥምቀት ወዲህ ባሉት ሳምንታት፣ ይህን አስቡበት። ቲኬት መሸጥ፣ ፖስተር መለጠፍ፣ በር ላይ ማስተናገድ፣ ለባንዱ አልጋና ምግብ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ይሁን። ከኪሳችን አዋጥተን የቅድሚያ ቲኬት ገዝተን እንጠብቃችኋለን። አራቱ ከበዱ ካላችሁ ኮምቦልቻ ብቻ ኑ፤ ሌሎቻችን እንመጣለን። መድረኩንም ለእነዚያ የከተማችን ልጆች በመክፈቻው ግማሽ ሰዓት አካፍሏቸው።

የአዳራሽ ኃላፊዎች፣ የኪራይ ዋጋችሁንና ደንባችሁን በጽሑፍ በር ላይ ለጥፉልን። ቀብድ ተቀብላችሁ ውል የፈረማችሁበትን ቀን ለስብሰባ አትንጠቁን። ግድ ከሆነ የወጣውን ወጪ ካሱ። ለሳውንድ ቼክ የሚሆን ሰዓት በኪራዩ ውስጥ ይካተት። አምፕሊፋየር ሲበራ መብራት የሚቋረጥበት አዳራሽ ስላለ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይታይልን። ለዚያ ከሁለት ቀን በፊት ለተከለከለው ባንድም ሌላ ቀን ስጡት። ድራመሩን ወደ ልምምድ የመመለሱን ሥራ ለእኛ ተዉት።

መልሳችሁን ኮንሰርት በምታስተዋውቁበት ገጽና በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብታወጡልን ሁላችንም እናየዋለን። ለመነጋገር ከፈለጋችሁ ደሴም ኮምቦልቻም ቀን ቁረጡልን፣ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ ለላይቭ ሙዚቃ የምንጓዝ አድማጮችን በመወከል
የጉዞ አስተባባሪ
ደሴ